ያገለገለ ካሜራ ለምትገዙ የሰሜን ሸዋ ፎቶ አንሺዎች፦ የሻተር ቁጥር ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ

የጥር ሠርግ በመቃረቡ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲናና በመሐል ሜዳ ያሉ ወጣት ፎቶ አንሺዎች ካሜራ እያፈላለጉ ነው። ይህን የሚያውቁ ሻጮችም «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ሻተሩ 12,000 ብቻ» (ትንሽ ብቻ ያገለገለ፣ ለብርሃን የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ ማለትም ሻተሩ 12,000 ጊዜ ብቻ የሠራ) የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም እየለጠፉ፣ ገንዘቡን አስቀድመው በባንክ እየተቀበሉ ዕቃውን ከአዲስ አበባ በመኪና ይልካሉ። በዚህ መንገድ የተገዛ አንድ ካሜራ ከመንዝ የመጣ ወጣት የሙያ ባልደረባችን ይዞልኝ መጥቶ ስለመረመርኩት፣ ሌላው ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት እንዲያውቀው ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

ካሜራው ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ የሻተሩ ቁጥርም በኮምፒውተር ሲታይ ሻጩ እንዳለው ሆኖ ተገኝቷል። ጉዱ የወጣው እጅ ሲነካው ነው። ማኑዋል (ሁሉን በእጅ ማስተካከያ) ላይ አድርጌ ሻተር ስፒዱን፣ ማለትም ሻተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን የሰከንድ ክፍልፋይ፣ 1/125 ላይ ካቆምኩ በኋላ፣ ከማንሻው ቁልፍ ኋላ ያለችውን ባለጥርስ ማዞሪያ አንድ ጊዜ ቀጭ ሳደርጋት ወደ 1/160 መሄድ ሲገባው 1/200 ላይ ዘለለ፤ በዚያው አቅጣጫ ስቀጥል ደግሞ ወደ ኋላ ወደ 1/160 ተመለሰ። የማንሻው ቁልፍ እስከ ግማሽ ሲጫኑት ፎከስ ይይዝና ጣት ሳይነሳ ይለቃል። የመያዣው ጎማ በሱፐር ግሉ የተለጠፈ በመሆኑ ጠርዙን በጥፍር ስነካው ተነሣ፤ ከሥሩም የደረቀ ሙጫ ተጋግሮ አየሁ።

ቁጥሩ እውነት ሆኖ ካሜራው እንዴት እንዲህ ሊያረጅ ቻለ የሚል ሰው ይኖራል። የሻተር ቁጥር የሚናገረው ስለ ሻተሩ ብቻ ነው። አምራቹ ካነን 80ዲ ለተባለው ካሜራው ሻተር 100,000፣ 5ዲ ማርክ 3 ለተባለው ደግሞ 150,000 ጊዜ የመሥራት ዕድሜ ገምቶለታል፤ ይህ ግምት ግን ስለ ማዞሪያው፣ ስለ ቁልፎቹና ስለ ጎማው የሚለው ነገር የለም። በተለይ ዲኤስኤልአር (በውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር) ካሜራ ቪዲዮ ሲቀርጽ ሻተሩ ተከፍቶ ይቆያል እንጂ ለእያንዳንዱ ምስል ስለማይመላለስ፣ ለዓመታት የሠርግ ቪዲዮ ሲቀረጽበት የኖረ ካሜራ ቁልፎቹ አልቀው ሳለ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ቁጥር ብቻ ተማምኖ መግዛት የበቅሎ ጥርስ አይቶ ኮቴዋን ሳያዩ እንደ መግዛት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የማዞሪያዋ ነገር ነው። ከማዞሪያዋ ሥር እያንዳንዱን እርምጃ የሚቆጥር ጥቃቅን የኤሌክትሪክ መነካኪያ አለ፤ እሱ በአቧራና በላብ ሲቆሽሽ ወይም ሲበላ ካሜራው እርምጃውን አሳስቶ ያነብባል። የመነካኪያ ማጽጃ ሲረጩበት ለጥቂት ጊዜ ደኅና ይሠራና ተመልሶ መዝለል ይጀምራል፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አዙሮ «ይሠራል» ማለት በቂ አይደለም። በትክክል ለመጠገን የላይኛውን ክዳን ከፍቶ ክፍሉን መቀየር ይጠይቃል፤ ይህን የሚሠራ ሰው በአካባቢያችን እንደ ልብ አይገኝም።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ሥራችንን አያውቅም። ሙሽሮች ከጨለማው የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደ ጠራራ ፀሐይ ሲወጡ ፎቶ አንሺው ዓይኑን ከመመልከቻው ሳያነሣ በጣቱ ብቻ ብርሃኑን መቀየር አለበት፤ ያቺ ቅጽበት አትደገምም። 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ በጠዋቱ ብርድ ጣት ደንዝዞ፣ አንዳንዴም ጓንት ተደርጎ ስለሚሠራ፣ የምንተማመነው በሚዳሰሰው ቁልፍ ላይ ነው፤ በሱፍ ጓንት የስክሪን ንክኪ አይሠራም።

ስለዚህ ካሜራውን በእጃችሁ ሳትይዙ ገንዘብ አትላኩ። ማዞሪያዎቹን ሁሉ በዝግታም በፍጥነትም፣ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ደጋግማችሁ እያዞራችሁ ቁጥሩ ሳይዘል መሄዱን ተመልከቱ። የማንሻውን ቁልፍ እስከ ግማሽ ተጭናችሁ ረዘም ላለ ጊዜ ያዙት። የሞድ (የአሠራር ዓይነት) መምረጫው መሐል መቆለፊያ ያለው ካሜራ ከሆነ፣ መቆለፊያው ሳይጫን መምረጫው መዞር የለበትም። የጎማውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳስሱ፤ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይዛችሁት ስትወርዱ በሙቀቱ ለቆ እጃችሁ ላይ እንዳይቀር። ከሌንስ ጋር ለተወሰነ ጊዜ በአንድ እጅ ይዛችሁም ቆዩ፤ ለትልቅ እጅ የማይመች፣ ትንሿን ጣት ከታች የሚያንጠለጥል ካሜራ ቀኑን ሙሉ ለሚውል ሠርግ አይሆንም።

ባልደረባችን ወደ ሻጩ ሲደውል ያገኘው መልስ «ስልክልህ ይሠራ ነበር» የሚል ብቻ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ዕቃው ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል። ስለሆነም የሽያጩን ስምምነት፣ የካሜራውን መለያ ቁጥርና «ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ» የሚለውን የሻጩን ቃል በጽሑፍ አስፈርማችሁ ያዙ፤ ስትረከቡም ማዞሪያዎቹን ስትፈትሹ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። ይህን አልፈርምም ለሚል ሻጭ ቀብድ እንኳ አትስጡ።