ቢገን የዱቄት ቀለም ለሽበት፦ ከውሃው መጠን እስከ ጆሮ ግንዱ

ሽበት ለመሸፈን ርካሽና ቀላል ነገር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ እጁ የሚገባው ይህች ትንሽ ጠርሙስ ናት። የጃፓኑ ሆዩ ኩባንያ ምርት ነው፤ 6 ግራም ዱቄት ይዟል፤ የሚጨመርበትም ውሃ ብቻ ነው። እንደ ክሬም ቀለሞች ለብቻው የታሸገ ማቀላቀያ ፈሳሽ የለውም፣ ዓይን የሚያስለቅሰው የአሞኒያ ሽታም የለበትም። ሽበት በመሸፈን በኩል ዋጋውን ከሚያወጡት ቀለሞች አንዱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ስህተት አለመቻሉ ነው። «አልያዘልኝም» ወይም «ፊቴን አከበደው» የሚባለው በአብዛኛው ከአቀባቡ የሚመጣ ነው።

ከውሃው እንጀምር። ዱቄቱ ውስጥ ቀለም የሚሆነው ንጥረ ነገርና ኦክስጅን የሚለቅ ጨው ደረቅ ሆነው አብረው ተቀምጠዋል። ውሃ ሲነካቸው ሥራቸውን ይጀምራሉ፤ ጥቃቅኖቹ ቅንጣቶች ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይገቡና እዚያው ተያይዘው ይተልቃሉ፤ ከዚያ በኋላ መውጣት አይችሉም። ቀለሙ በሻምፖ የማይለቀውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የተበጠበጠውን ለነገ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም፤ ሥራውን ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ጨርሶ ያድራል። እርጥበት የነካው ጠርሙስም እንዲሁ ነው። ማሸጊያው የተከፈተ ወይም ዱቄቱ የጓጎለ ከሆነ አይግዙት።

ለ6 ግራም 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃል፤ በሻይ ማንኪያ ሦስት ማለት ነው። ሁሉንም በአንዴ አያፍስሱት፤ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ይበጥብጡና እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን ያቁሙ። ከቀጠነ ግንባርና አንገት ላይ ይወርዳል፣ ሽበቱም ላይ አይቆይም። ከወፈረ ደግሞ እየደረቀ ይፈረፈራል፤ የደረቀ ቀለም ሥራውን አቁሟል። ውሃው ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ሳህኑ ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ እንጂ ብረት መሆን የለበትም። አጭር ፀጉር ወይም ሥር ብቻ ለመቀባት አንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ ትከሻ ለሚደርስ ወፍራም ፀጉር ሁለት ወይም ሦስት ያዘጋጁ። መሀል ላይ ቢያልቅ የተቀባው ክፍል እየጠቆረ ሌላው ይጠብቃል፤ ዥንጉርጉር የሚሆነው ያኔ ነው።

እኛ ዘንድ ቀለም እንዳይዝ ከሚያደርጉ ነገሮች ቀዳሚው ቅቤ ነው። ቅቤ ወይም የፀጉር ቅባት የጠገበ ፀጉር ቀለሙን አያስገባም። ከመቀባትዎ አንድ ቀን በፊት በሻምፖ ሁለት ጊዜ ይታጠቡ፤ የራስ ቆዳዎን ግን በጥፍር አይፈትጉ፣ የተቧጨረ ቆዳ ላይ ቀለም ያቃጥላል። ሹሩባ ከተፈታም በኋላ ቆዳው እስኪያርፍ ሁለት ቀን ይጠብቁ። በሹሩባው ላይ መቀባት አይሆንም፤ ቀለሙ ጉንጉኑ ውስጥ አይገባም፣ ሲፈታ ግማሹ ነጭ ይወጣል። ሪላክሰር የሚጠቀሙ ሰዎች መጀመሪያ ፀጉሩን አለስልሰው፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቆይተው ቀለሙን ይቀቡ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ ፀጉር ይሰብራል።

ሲቀቡ ፀጉሩ ደረቅ ይሁን። ግንባር ዳር፣ ጆሮና አንገት ላይ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ወደ ፀጉሩ ግን እንዳያስነኩት፣ ያ መስመር ነጭ ሆኖ ይቀራል። ጓንት ያድርጉ። መጀመሪያ የሚቀባው ጆሮ ግንዱና የግንባሩ ዳር ነው። ብዙ ሰው ላይ ሽበት ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው፤ የሸበተ ፀጉር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ደረቅና ሻካራ ስለሚሆን ቀለም ቶሎ አይቀበልም። ስለዚህ ረጅሙን ሰዓት ማግኘት ያለበት እሱ ነው። ብዙዎች ከማጅራት ጀምረው ግንባር ላይ ሲደርሱ ቀለሙ ደክሟል፤ ሰው ፊት ለፊት የሚያየው ቦታ ሳይያዝ ይቀራል። በቀጭን ማበጠሪያ እየከፈሉ ሥሩ ድረስ ያድርሱት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይና ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ይታጠቡ፤ ቀጥሎ ሻምፖ፣ ከዚያ ኮንዲሽነር። ቅቤውን ከሦስት ቀን በኋላ መመለስ ይቻላል።

ስለ ቀለም ምርጫ ጠንከር ያለ አስተያየት አለን፦ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ላለ ሰው ድፍን ጥቁሩን አንመክርም። ፊት በዕድሜ መልኩ ይለወጣል፤ ከዓይን ሥር ያለው ጥላና የአፍ ዳር መስመር ከድፍን ጥቁር ፀጉር አጠገብ ይበልጥ ጎልተው ይታያሉ። ወጣት ለመምሰል የተቀባው ቀለም ዕድሜውን ያውጃል። ጥቁር ቡናማው ወይም ጠቆር ያለው ቡናማ ፊቱን ያለሰልሳል፤ ሥሩ ሲበቅልም ነጩና የተቀባው እንደ ድንበር አይለያዩም። ቡናማ ገዝቶ ጥቁር ፀጉርን ማቅላት ግን አይቻልም፤ ይህ ዱቄት ያጨልማል እንጂ አያነጣም።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሥሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ያኔ የሚቀባው ሥሩ ብቻ ነው። በየወሩ እስከ ጫፍ የሚቀባ ፀጉር ቀለም በቀለም ላይ እየተደራረበበት ጫፉ ከሰል ይመስላል፣ ይደርቃል፣ ይሰበራል። ጫፉ ደብዝዞ ከሆነ የመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ላይ ብቻ ይዳብሱት።

አሁን ሊታለፍ ወደማይገባው ነገር እንምጣ። በእንዲህ ዓይነት ጠቆር ያሉ ቋሚ ቀለሞች ውስጥ በብዛት የሚገባው ፓራፊኒሊንዲያሚን፣ ባጭሩ ፒፒዲ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከባድ አለርጂ ያስነሳል። የአውሮፓ ኅብረት ራስ ላይ ሲቀባ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦታል። ከመቀባትዎ 48 ሰዓት በፊት ጥቂት ዱቄት በጠብታ ውሃ በጥብጠው ከክንድዎ መታጠፊያ ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ይንኩና ይጠብቁ። ካሳከከ፣ ከቀላ ወይም ካበጠ ቀለሙ የእርስዎ አይደለም። «ለዓመታት ተቀብቼዋለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ አለርጂው ከብዙ ዓመት በኋላም ይጀምራል። በተለይ ለሠርግ እጃቸው ላይ ጥቁር ሂና ተስለው ቆዳቸው የተቆጣ ሰዎች ጨርሶ አይቀቡት። ከተቀቡ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ የዓይን ቆብ ካበጠ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ወዲያውኑ። ቅንድብና ሽፋሽፍት ላይ በፍጹም አይቀባም፤ ዓይን ያበላሻል። ጠርሙሱን ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ ፒፒዲ ቢዋጥ ጉሮሮ ያሳብጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል።

አለርጂ ላለበት ሰው የሚቀረው ንጹሕ ሂና ነው። ዱቄቱ አረንጓዴ፣ ሽታው እንደ ደረቅ ሣር ነው። ሽበት ላይ የሚያወጣው ብርቱካናማ ቀይ ስለሆነ ጥቁር የሚጠብቅ ሰው ያዝናል፤ ሁለት ሦስት ሰዓትም ራስ ላይ ይቆያል። በአንድ ሰዓት የሚያጠቁር «ጥቁር ሂና» ቢያቀርቡልዎ ግን ንጹሕ ሂና ስላልሆነና ብዙውን ጊዜ ያው ፒፒዲ ስላለበት ይተዉት።