ዳትስካን፦ ለመንቀጥቀጥ ይረዳል፣ ለመርሳት ግን…

ፓርኪንሰን ያለባቸው እናት ወይም አባት ነገር መዘንጋት ሲጀምሩ ልጆቻቸው በብዛት «ዳትስካን (የአንጎል ምስል ምርመራ) ይታዘዝላቸው» ይላሉ። በሽታው ቀድሞ በሀኪም ከታወቀ ግን ይህ ምርመራ ስለ መርሳቱ የሚጨምረው ነገር የለም። የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቅስቃሴን የሚመራውን ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል የሚያመነጩ ነርቮች ጫፍ ምን ያህሉ እንደተረፈ። እሱን ግን ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

ምርቱ የጂኢ ሄልዝኬር ሲሆን ጨረር የሚያወጣ አዮዲን-123 የተሸከመ አዮፍሉፔን የሚባል መድኃኒት ነው። አውሮፓ በ2000፣ የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. ፈቀዱት። ኤፍዲኤ በ2022 ሌዊ ቦዲ የሚባለው (አንጎል ውስጥ በሚጠራቀም ፕሮቲን የሚመጣ) የመርሳት በሽታ ለተጠረጠረባቸው ሰዎችም ፈቅዶታል። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 13 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ለቀጠሮው ቀን ታዝዞ ይመጣል እንጂ መደርደሪያ ላይ አይቆይም። መቅረት ካለ አስቀድሞ መደወል ነው፤ ያልተወጋ መድኃኒት ይጣላል።

ቀኑ ረጅም ነው። መጀመሪያ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ጨረሩን እንዳይስብ የአዮዳይድ ጠብታ ወይም ክኒን ይሰጣል፤ ከመርፌው ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድሞ መወሰድ አለበት። አዮዲን የማይስማማው ሰው እዚህ ላይ ይናገር። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሚሊኩሪ (የጨረር መለኪያ) የሚሆነው መድኃኒት በደም ሥር ቀስ ተብሎ፣ ከ15 ሰከንድ ባላነሰ ጊዜ ይሰጣል። ምስሉ የሚነሳው ከ3 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ ምሳ መብላትም ሆነ ወጣ ማለት ይቻላል። ምስሉ ራሱ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ካሜራው ጭንቅላቱን ሊነካ እስኪመስል ድረስ ስለሚጠጋ ጠበብ ያለ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው አስቀድሞ ያሳውቅ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ውሃ በብዛት መጠጣትና ሽንት ቶሎ ቶሎ መሽናት ነው።

ምርመራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ የጭንቅላት እንቅስቃሴ ነው፤ አገጭ የሚንቀጠቀጥበት ሰው ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጭንቅላት ሲያዘነብል ደግሞ አንዱ ጎን የተጎዳ ይመስላል። ሁለተኛው ሰውየው የሚወስደው ሌላ መድኃኒት ነው። ቡፕሮፒዮን፣ ሜቲልፌኒዴት፣ አምፌታሚንና ኮኬይን ምስሉ የሚፈልገውን ቦታ ቀድመው ይይዛሉ፤ እንደ ሰርትራሊን ያሉ የድብርት መድኃኒቶችም ውጤቱን ሊያዛቡ ይችላሉ። ጫት በመመሪያው ዝርዝር ውስጥ ባይጠቀስም በውስጡ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነውና የሚቅም ሰው አይደብቅ። የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነውን ሌቮዶፓ ማቆም አያስፈልግም። ሌላውንም ቢሆን ያለ ሀኪም ትእዛዝ ማንም አያቁም።

ጤነኛ ምስል ላይ ሁለት ደማቅ፣ የፈረንጅ ኮማ የሚመስሉ ቅርጾች ይታያሉ። በፓርኪንሰን የኮማው ጅራት የሆነው የአንጎል ክፍል፣ ፑታሜን፣ ከኋላ ጀምሮ ይደበዝዛል፤ የኮማው ጅራት ይጠፋና ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ በብዛት ይበልጥ የሚጎዳው በሽታው ከጠናበት እጅ በተቃራኒ ያለው ጎን ነው። ኢሴንሻል ትሬመር በሚባለው መንቀጥቀጥና እንደ ሃሎፔሪዶልና ሜቶክሎፕራሚድ ያሉ መድኃኒቶች ብቻቸውን ባመጡት መንቀጥቀጥ ግን ምስሉ ጤነኛ ይሆናል። ምርመራው ዋጋ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ፓርኪንሰንን ከሚመስሉት ሌሎች የአንጎል በሽታዎች፣ ከኤምኤስኤና ከፒኤስፒ፣ ግን አይለይም፤ ሁሉም ላይ ጅራቱ ይጠፋልና።

መርሳትን በተመለከተ የሚጠቅመው ጥያቄው «ሌዊ ቦዲ ነው ወይስ አልዛይመር?» ሲሆን ነው። በ2007 በወጣ ትልቅ ጥናት በሌዊ ቦዲ ከተያዙት 78 በመቶ ገደማውን አግኝቷል፤ ሌላ ዓይነት የመርሳት በሽታ ካለባቸው ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል ለይቷል። ፓርኪንሰኑ ለታወቀ ሰው ግን ምስሉ ድሮም ጉዳት ስለሚያሳይ «ተጎድቷል» የሚለው ሪፖርት አዲስ ወሬ አይደለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከ30 ነጥብ የሚታረመው ሞካ የሚባለው የማስታወስና የማሰብ ፈተና ይቅደም፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ቫይታሚን ቢ12ና ታይሮይድ በደም ይታዩ። ለመንቀጥቀጡ የታዘዘ ትራይሄክሲፌኒዲል ካለ ማስታወስን ይጎዳልና ሀኪሙ ይመልከተው። ኤምአርአይ ስትሮክን፣ የደም መቋጠርንና አንጎል ውስጥ የተጠራቀመ ውሃን ለማየት ነው። ይህ ሁሉ ታይቶ ጥርጣሬው ከቀጠለ ኤፍዲጂ ፔት የሚባለው ሌላ የምስል ምርመራ የአንጎል የኋላ ክፍል ስኳር መጠቀሙን መቀነሱን ያሳያል፤ ያውም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ተጾሞ፣ የደም ስኳር ከፍ ሳይል።

ለመንቀጥቀጥ ጥያቄ ከአምስት ኮከብ አራት፣ ለመርሳት ሁለት። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንሱ አስቀድሞ መፍቀዱን አረጋግጡ፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉ ወላጆች አስተርጓሚ ቀጠሮ ሲያዝ ጠይቁ፤ ከሪፖርቱ ጋር የምስሉን ሲዲም ተቀበሉ፤ ሌላ ሀኪም ምስሉን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል።