ቤት ሆኖ ሙዚቃዊ ቲያትር ማየት፦ ከአራቱ ቅጂዎች የትኛው ለማን ይሆናል?

የመድረክ ትርዒቱን ፈልጎ «ዘ ፋንተም ኦቭ ዚ ኦፔራ» የሚል ዲስክ በስሙ ብቻ ያዘዘ ሰው ጥቅሉን ሲፈታ በ2004 የተሠራውን የሲኒማ ፊልም ሊያገኝ ይችላል። «ሌ ሚዜራብል» ላዘዘም የ2012ቱ ፊልም ሊደርሰው ይችላል። ፊልሞቹ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፤ መድረክ ግን አይደሉም። ዘፋኙ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ቢሳሳት መመለሻ ሳይኖረው የሚዘፍነው ዘፈን እነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ሽፋኑ ላይ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የተቀረጸበትን አዳራሽ፣ ዓመቱንና የመሪ ዘፋኞቹን ስም። የአዳራሽ ስም ከሌለው ይጠራጠሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምናነጻጽራቸው አራት ናቸው፦ «ሃሚልተን»፣ «ካም ፍሮም አዌይ»፣ በሎንዶን ሮያል አልበርት ሆል የተቀረጸው «ፋንተም» እና በሎንዶን ኦ-ቱ አዳራሽ የቀረበው የ«ሌ ሚዜራብል» 25ኛ ዓመት ኮንሰርት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚታዩት በወርሃዊ ክፍያ በኢንተርኔት ነው፤ ኋለኞቹ ሁለቱ በዲስክ ይገኛሉ።

አብዛኛው ገዢ ቀድሞ የሚጠይቀው «ፎር ኬ ነው ወይ?» ብሎ ነው። መቅደም ያለበት ግን «ቃሉ ይገባኛል ወይ?» የሚለው ነው። በሙዚቃዊ ቲያትር ታሪኩን የሚሸከመው የዘፈኑ ግጥም ነው፤ ግጥሙ ካመለጠ የሚቀረው ልብስና መብራት ብቻ ነው። አራቱም በእንግሊዝኛ የሚዘፈኑ ናቸው፤ አማርኛ የግርጌ ጽሑፍ የላቸውም። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ንጽጽር በዚህ ዓይን ያንብቡት።

ሃሚልተን

ከአሜሪካ መሥራቾች አንዱ የነበረው የአሌክሳንደር ሃሚልተን ታሪክ ነው። ከአራቱ በቀረጻ ጥራቱ የሚስተካከለው የለም፤ በቃል ብዛቱም እንደዚሁ። ከ20,000 በላይ ቃላት፣ አብዛኛው በራፕ፣ በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ውስጥ ይዘንባሉ። እንግሊዝኛ ለሥራና ለገበያ የሚበቃው ሰው እንኳ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ያለ ግርጌ ጽሑፍ ካየ ይጠፋበታል። የእንግሊዝኛውን ግርጌ ጽሑፍ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያብሩት።

ሌላ ሰዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። ከዕረፍት በኋላ አንዳንድ ተዋንያን ሌላ ሰው ሆነው ይመለሳሉ፦ በመጀመሪያው ክፍል ፈረንሳዊውን ላፋዬትን የተጫወተው በሁለተኛው ቶማስ ጀፈርሰን ነው፤ የሃሚልተን ጓደኛ ሎረንስ የነበረው ደግሞ የሃሚልተን ልጅ ፊሊፕ ይሆናል። ይህን ሳያውቅ የገባ ተመልካች ግማሹን ሰዓት «ይሄ ሰውዬ የሞተው አይደል እንዴ?» ሲል ያሳልፋል።

የተቀረጸው በጁን 2016 ኒውዮርክ በሚገኘው ሪቻርድ ሮጀርስ ቲያትር ነው። ተመልካች የታደመባቸው ሁለት ትርዒቶች ተቀርጸው፣ የተወሰኑ ዘፈኖች ደግሞ ያለ ተመልካች ካሜራው መድረክ ላይ ወጥቶ ድጋሚ ተቀርጸዋል። ቤትዎ ሆነው የሚያዩትን አዳራሽ ውስጥ ውድ ወንበር የያዘም አላየውም። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ብቻውን ቆሞ በሚዘፍንበት ጊዜ ካሜራው ፊቱ ላይ ይጠጋል፤ ከከንፈሩ የወጣው ምራቅ አገጩ ላይ ሲወርድ በመብራቱ ያብለጨልጫል፣ እሱ ግን አይጠርገውም፣ ፈገግታውም አይፈታም። ያ ሰው ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ የሚገባዎት እዚያ ላይ ነው። ከላይ በሚነሳው ካሜራ ደግሞ የመድረኩ ወለል ላይ ያሉት ሁለት የሚሽከረከሩ ክበቦች አንዱ በሌላው ውስጥ ሲዞሩ ይታያሉ።

የሚገኘው ዲዝኒ ፕላስ ላይ ነው። አገልግሎቱ አሜሪካ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከጁን 2022 ጀምሮ አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በይፋ አልተከፈተም። «ፈልጌ አጣሁት» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ በልጆች መለያ ገብተው ነው፤ የዕድሜ ደረጃው ፒጂ-13 (ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ ይጠንቀቅ የሚል) ስለሆነ እዚያ አይታይም። ሁለት ከባድ ስድቦች ድምፃቸው ቢጠፋም ሌሎቹ አሉ፤ ታሪኩም ትዳር ላይ መማገጥን ይዟል። ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ማስታወቂያ ያለበትን ርካሽ ክፍያ ከመረጡ ደግሞ ማስታወቂያው ሙዚቃው መሀል ሊገባ ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ሲባል የአንድ ወር ማስታወቂያ አልባ ክፍያ ከፍሎ ማቋረጥ ይሻላል።

በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚወስድ ጥራት ካዩት ሙሉው ወደ 6 ጊጋባይት ይበላል። ኢንተርኔቱ በጥቅል ለሚከፈል ሰው ይህ ቀድሞ ሊሰላ የሚገባው ወጪ ነው።

ካም ፍሮም አዌይ

ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 የአሜሪካ ሰማይ ሲዘጋ 38 አውሮፕላኖች ጋንደር በምትባል ትንሽ የካናዳ ከተማ አረፉ፤ ወደ 7,000 ሰው። የከተማዋ ሰዎች እንግዶቹን እንዴት እንደተቀበሉ ነው ታሪኩ። በ2021 ብሮድዌይ (የኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር) ገና ዝግ በነበረበት ወቅት በኒውዮርኩ ጀራልድ ሾንፌልድ ቲያትር ተቀርጾ አፕል ቲቪ ፕላስ (ዛሬ «አፕል ቲቪ» የሚባለው) ላይ ወጣ። ዕረፍት የሌለው፣ ከሁለት ሰዓት በታች የሚያልቅ ነው፤ ማታ ከሥራ ለሚገባ ሰው ይኸው ትልቅ ነገር ነው።

ከባዱ ነገር የቃል ብዛት ሳይሆን የአነጋገር ዘዬ ነው። ጋንደር ያለችበት የኒውፋውንድላንድ ደሴት እንግሊዝኛ ለሌላው ካናዳዊ እንኳ ይከብዳል። አሥራ ሁለቱም ተዋንያን ባርኔጣ ወይም ጃኬት ቀይረው ሌላ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ የአውሮፕላን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንግዳ የነበረ፣ በአንድ እርምጃ የከተማው ነዋሪ ሆኖ ይናገራል። ዓይንዎን ስልክ ላይ ካሳረፉ አለቀ።

አንድ ትዕይንት ላይ ከአፍሪካ የመጡ መንገደኞች በሌሊት ከአውቶቡስ መውረድ ይፈራሉ፤ ውጭ የቆሙት የደንብ ልብስ የለበሱ ሰዎች ወታደር መስለዋቸዋል። ከሾፌሩ ጋር ቋንቋ አይግባቡም። እሱ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አይቶ ፊልጵስዩስ 4፥6ን ያወጣላቸዋል፤ የምዕራፍና የቁጥር አቆጣጠሩ በየትኛውም ቋንቋ አንድ ነውና «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን ያነባሉ። በማያውቁት አገር በሌሊት አርፎ ለሚያውቅ የእኛ ሰው ይህ ትዕይንት ብቻውን የወሩን ክፍያ ያካክሳል።

ፋንተም፣ ሮያል አልበርት ሆል

ሙዚቃዊ ቲያትር አይቶ ለማያውቅ ቤተሰብ የምንመክረው ይህን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዘፈኑ ዝግ ያለ፣ ቃሉ የሚደጋገም፣ ታሪኩም አንዲት ዘፋኝ፣ የሚያፈቅራት ወጣትና ፊቱን የሸፈነ ሰው ነው። ግርጌ ጽሑፉ ባይበራም አይጠፋም። በኦክቶበር 2011 ለ25ኛ ዓመቱ የቀረበ ሲሆን ራሚን ካሪምሉና ሲየራ ቦገስ ይመሩታል። ዲስኩን ሲያዝዙ እነዚህ ሁለት ስሞች ሽፋኑ ላይ መኖራቸውን ያረጋግጡ።

የሚጎድለውንም እንናገር። ሮያል አልበርት ሆል ክብ አዳራሽ እንጂ የተለመደ የቲያትር መድረክ የለውም፤ የጀርባው ትዕይንት በከፊል በትልልቅ ስክሪኖች ላይ ነው። ዝነኛው ቻንደሌር (ከጣሪያ የሚንጠለጠለው ትልቁ የመብራት ጌጥ) እንደ ቲያትር ቤቱ አይወድቅም፤ የእሳት ፍንጣሪ ይረጫል እንጂ። ለእሱ ብሎ የሚገዛ ይከፋዋል። መጨረሻ ላይ ጭምብሉ ሲወልቅ የፊቱ ሜካፕ በቅርበት ስለሚታይ ትንንሽ ልጆች ይደነግጣሉ። ከታሪኩ በኋላ ደግሞ ቀደምት ዘፋኞች ወጥተው አብረው ይዘፍናሉ፤ የስም ዝርዝሩ መጣ ብለው ቶሎ አይዝጉት።

በነገራችን ላይ በቅርብ ቀረጻ የተዋንያን ፀጉር መስመር ላይ ስንዴ የምታህል፣ ቆዳ የምትመስል ነገር ካዩ ማይክሮፎን ናት። የዲስክ ጉድለት አይደለችም።

ሌ ሚዜራብል፣ ኦ-ቱ አዳራሽ 2010

ይህ ቲያትር ሳይሆን ኮንሰርት ነው። ዘፋኞቹ የገጸ ባሕርያቱን ልብስ ለብሰው ማይክሮፎን ፊት ይቆማሉ፤ ኦርኬስትራውና መዘምራኑ ከኋላቸው ናቸው። የመንገድ ምሽግ የሚሠራበት፣ ሰው የሚሮጥበት ትዕይንት የለም። ስለዚህ ታሪኩን የማያውቅ ሰው ማን ከማን ጋር እንደሚዋጋ ላይለይ ይችላል፤ ታሪኩን የሚያውቅ ግን ከአራቱም የተሻለ ዘፈን የሚሰማው እዚህ ነው። የቪክቶር ሁጎን መጽሐፍ በሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ትርጉም «መከረኞቹ» ብለው ያነበቡ ሰዎች ያለ አስተርጓሚ ይከታተሉታል። ለመዘምራን መሪ ወይም ኅብረ ዝማሬ ለሚወድ ሰው ስጦታ ከፈለጉ ሌላ አይፈልጉ።

እዚህም መምታታት አለ። በ1995 ሮያል አልበርት ሆል የተቀረጸ ኮንሰርት አለ፤ ኮልም ዊልኪንሰን ዋናውን ገጸ ባሕርይ ዣን ቫልዣንን የሆነበት ነው፣ ሥዕሉ ያረጀ ቢሆንም ድምፁ ዛሬም ይደነቃል። በ2019 ጊልጉድ ቲያትር የተቀረጸም አለ፤ ማይክል ቦል ቫልዣንን የሚያሳድደው ፖሊስ ዣቬር ነው። በ2010ሩ ቫልዣን አልፊ ቦ፣ ዣቬር ኖርም ልዊስ ናቸው። አልፊ ቦ በ2019ኙም ስላለ በእሱ ስም ብቻ አይለዩ፤ ዣቬርን ይመልከቱ።

ዲስክ ከገዙ

የተለመደ የዲቪዲ ማጫወቻ ብሉ-ሬይ (ሥዕሉና ድምፁ ከዲቪዲ የላቀ ዲስክ) አያነብም፤ ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 4 ወይም 5 ግን ያነባል። ብሉ-ሬይ በቀጠና የተከፋፈለ ነው፦ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ኤ፣ አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ ቢ። ዘመድዎ ከዋሽንግተን ገዝቶ አዲስ አበባ ቢልክልዎ ላይሠራ ይችላል፤ ከሎንዶን ወይም ከዱባይ የመጣ ግን የቀጠናው ነው። የዲቪዲው ቀጠና ሌላ ነው፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ 2፣ ኢትዮጵያ 5። ሽፋኑ ጀርባ ላይ ትንሿ የሉል ሥዕል ውስጥ ያለው ቁጥር ነው ወሳኙ። የእንግሊዝ ዲስክ ቀጠናው ክፍት ቢሆን እንኳ በ50 ኸርዝ (ሥዕሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ እንዲታደስ) የተሠራ ከሆነ ብዙ የአሜሪካ ማጫወቻዎች አይቀበሉትም።

ለዚህ ድካም የሚከፈለው ዋጋ ድምፁ ነው። ብሉ-ሬይ ሳይጨመቅ ከቀረው የማይለይ ድምፅ ይይዛል፤ በኢንተርኔት የሚመጣው ግን ለመቀነስ ሲባል ከላዩ የተቆረጠ ነው። በቴሌቪዥኑ ስፒከር ብቻ ለሚያዳምጥ ልዩነቱ አይሰማም፤ ደህና ስፒከር ላለው ግን «ሌ ሚዜራብል» ላይ መዘምራኑ በአንድነት ሲነሱ ይለያል።

ድምፁ ካልተስተካከለ የትኛውም ግዢ ከንቱ ነው

«ሙዚቃው ይጮኻል፣ ቃሉ አይሰማም» የሚለው ቅሬታ ከሁሉም ይበዛል። ምክንያቱ ቃሉ በመካከለኛው ስፒከር እንዲወጣ በአምስት ነጥብ አንድ (ለስድስት ስፒከር) ተቀላቅሎ፣ እርስዎ ዘንድ ያለው ግን ሁለት ስፒከር መሆኑ ነው። ሁሉ ነገር ሲጨፈለቅ ቃሉ ሥር ይቀራል። መጀመሪያ በዲስኩ ወይም በመተግበሪያው የድምፅ ማውጫ ስቴሪዮ የሚል ካለ እሱን ይምረጡ። ከሌለ በቴሌቪዥኑ የድምፅ መውጫ ላይ ፒሲኤም ያድርጉት። መካከለኛ ስፒከር ካለዎት እሱን ብቻ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይጨምሩ፤ የኋላዎቹን በዚያው ልክ ይቀንሱ፣ በቀጥታ ትርዒት ቀረጻ ከኋላ የሚመጣው ባብዛኛው ጭብጨባና የአዳራሹ ማስተጋባት ነውና።

አፍና ድምፅ ካልገጠሙ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ ብሉቱዝ ነው፤ ከሴኮንድ አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ ያዘገያል። በራፕ ላይ ይህ አይታለፍም። ሳውንድባር (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር) ካለዎት በኤችዲኤምአይ ገመድ ኤአርሲ ተብሎ የተጻፈበት ቀዳዳ ላይ ይሰኩት፤ ሌላው ቀዳዳ ድምፅ አይመልስም።

ለሥዕሉ አጭር ነው፦ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውን ማስተካከያ ያጥፉ፣ አለዚያ የሚጨፍሩት ሰዎች እጅ ዙሪያ ጭጋግ ይታያል። መድረኩ ጨለማ ሲሆን ብሩህነቱን አይጨምሩ፤ ይልቅ የሳሎኑን አምፖል ያጥፉ።

ዲስኩ የደረሰ ዕለት ደግሞ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ አይቶ «ይሠራል» ማለት አይበቃም። ረጅም ዝግጅት የሚጻፈው በሁለት ንብርብር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨረሩ ከመሀል ተነስቶ ወደ ጠርዙ ያነባል፣ ከዚያ ሁለተኛውን ንብርብር ይዞ ወደ መሀል ይመለሳል። ጭረትና የጣት ቅባት የሚበዛው ጠርዙ ላይ ስለሆነ ችግሩ ብቅ የሚለው ዝግጅቱ መካከል ገደማ ነው። «ፋንተም»ን ከገዙ መጀመሪያ የሚሞክሩት የመጀመሪያውን ክፍል መዝጊያ፣ ያንን የቻንደሌር ትዕይንት ይሁን። ከቆመ ወይም ከተሰባበረ ከመሀል ወደ ጠርዝ በቀጥታ እንጂ ዙሪያውን ሳያዞሩ በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉትና ይድገሙት፤ ያኔም ካቆመ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ ይመልሱት።