የዕይታ ነርቭ ምርመራ፦ ስክሪን ይሻላል ወይስ ጎግል (ዓይን ላይ የሚደረግ የብልጭታ መነጽር)?

ዓይን ሲታይ ደህና ሆኖ ሰውየው ግን ማየት ከቸገረው፣ ጥርጣሬው ወደ ዕይታ ነርቭ ይዞራል። ያኔ ለዓይን ብርሃን እየሰጡ፣ ከጭንቅላት ጀርባ በተለጠፈ ኤሌክትሮድ የአንጎልን ምላሽ ይለካሉ። ምርመራው ቪኢፒ ይባላል። ማሽኑን ለክሊኒክ የሚገዛ ሰው ቀድሞ መወሰን ያለበት ብርሃኑ በምን እንደሚሰጥ ነው።

እኔ ስክሪኑን አስቀድማለሁ። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ የዳማ ሰሌዳ አለ፤ ቀለሙ በሰከንድ 2 ጊዜ ይገለባበጣል። በጤነኛ ሰው ዋናው ሞገድ 100 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመጣል፤ ፒ100 የተባለውም ለዚህ ነው። የነርቩ ሽፋን ሲጎዳ ሞገዱ ይዘገያል። ዕይታው ከተመለሰ በኋላም መዘግየቱ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ ስለሚቆይ፣ የቆየ ጉዳት ሳይቀር ይታያል። ደግሞ በጤነኞች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ትንሽ መዘግየት እንኳ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ተመርማሪው ሰሌዳው መሃል ላይ ማተኮር አለበት። መነጽር ካለውም ያድርግ። ሰሌዳው ከደበዘዘበት ጤነኛው ነርቭ የታመመ ይመስላል።

ባለ ኤልኢዲ ብልጭታ ጎግል ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ብርሃኑ በተጨፈነ ዓይን እንኳ ያልፋል። ለሕፃን፣ ራሱን ለሳተ፣ ሞራ ዓይኑን ለጋረደው ወይም ቀዶ ሕክምና ላይ ላለ ሰው እሱ ነው የሚያዋጣው። ግን የሞገዱ ቅርጽ ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ምላሽ መኖር አለመኖሩን ይነግራችኋል፤ ለቀላል መዘግየት ግን አትመኑት። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ደግሞ በሁለቱም መሣሪያ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ።

ሻጩን ስለ ስክሪኑ አጥብቃችሁ ያዙት። ኤልሲዲ ከሆነ ምስሉን ዘግይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ያ መዘግየት በሕመምተኛው ላይ እንዳይቆጠር እንዴት ነው የሚስተካከለው? ስክሪን በተቀየረ ቁጥር የጤነኞችን መለኪያ እንደገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ሲታመምም ሞገዱ ስለሚዛባ፣ የሬቲናን ምላሽ የሚለካውን ኢአርጂ አብሮ የሚሠራ ማሽን ብትገዙ ይሻላችኋል።

የእጅ ባትሪ ግን ከሁሉም በፊት ይኑራችሁ። ብርሃኑን ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ስታዛውሩ ብሌኑ መጥበቡ ቀርቶ ከሰፋ፣ በዚያ በኩል ነርቩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ከተጎዱ ግን ባትሪው ልዩነት አያሳይም፤ ያኔ ወደ ቪኢፒ መሄድ ነው።