ስድስት ኮር ወይስ አሥር? ስለ ኮር አይ5-12400 ፕሮሰሰር

የጥር ሠርጎችን ቪዲዮ የማቀናብርበት ኮምፒውተር ስላረጀብኝ፣ ሌላ ለመግዛት በባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ጎራ ብዬ ነበር። ሻጩ ሁለት ማሽኖች ጎን ለጎን አበራልኝ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ዚዮን ኢ5-2680 ቪ2 የተባለ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) ያለበት ያገለገለ ማሽን ሲሆን፣ ሌላኛው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ለገበያ የቀረበው ኮር አይ5-12400 የተገጠመለት ነው። ዚዮኑን እያሳየኝ «ወንድሜ፣ ይኼኛው እኮ አሥር ኮር ነው፤ ያኛው ስድስት ብቻ ነው» ሲል መከረኝ። ኮር ማለት በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ፣ ራሱን ችሎ የሚሠራ የስሌት ክፍል ነው። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ነበር፤ ለእኔ ሥራ የተሻለው ግን ስድስቱ ነው።

ሙሽሮቹ ከጣና ዳር ጀልባ ሲሳፈሩ በሦስት ካሜራ የቀረጽኩትን ቪዲዮ በፍላሽ ይዤ ስለነበር በሁለቱም ላይ ከፈትኩት። በዚዮኑ ላይ ሦስቱ ምስሎች አብረው ሲጫወቱ ይቆራረጡ ነበር፤ የኮምፒውተሩን የሥራ ጫና በሚያሳየው ታስክ ማናጀር ላይ ከሚታዩት ሃያ ትንንሽ ሳጥኖች ጥቂቶቹ ጫፍ ሲደርሱ የቀሩት እምብዛም አይንቀሳቀሱም። ሳጥኖቹ ሃያ የሆኑት እያንዳንዱ ኮር ሁለት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) ስለሚይዝ ነውና፣ «ሃያ ኮር» ብሎ የሚሸጥልዎ ቢኖር አይቀበሉ። አይ5ቱ ያንኑ ቪዲዮ ያለ እንከን አጫወተው። የፍጥነቱ ጣሪያ 4.4 ጊጋኸርዝ፣ የዚዮኑ ደግሞ 3.6 መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ዩኤችዲ 730 የተባለው ግራፊክሱ (ምስል የሚያወጣው ክፍል) ኤች.264 እና ኤች.265 በተባሉ ዘዴዎች የታመቀ ቪዲዮን የሚፈታ የራሱ ክፍል ያለው መሆኑ ሲሆን፣ ዚዮኑ ውስጥ ግራፊክስ ጨርሶ የለም።

በገዛሁት አይ5 ቅር ያሰኘኝ ነገርም አለ። የተጻፈለት መነሻ ኃይል 65 ዋት ቢሆንም፣ ከባድ ሥራ ሲያዝ እስከ 117 ዋት ሊወጣ ስለሚችል፣ በሚያዝያ ሙቀት ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ የፋኑ ድምፅ ከክፍሉ ውጭ ይሰማል።

አውቶካድ በተባለው የንድፍ ፕሮግራም የሚሠራ የምህንድስና ተማሪም ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዱን ኮር ፍጥነት ቢያይ ይሻለዋል፤ ከሥራው ግማሹ ሊከፋፈል የማይችል ከሆነ መቶ ኮር እንኳ ከእጥፍ በላይ ሊያፈጥነው አይችልም። ብሌንደር በተባለው የ3ዲ ምስል መሥሪያ፣ በፕሮሰሰር ሬንደር ለሚያደርግ (የመጨረሻውን ምስል አስልቶ ለሚያወጣ) ግን ሁሉም ኮር ስለሚሠራ ብዛቱ በእርግጥ ይጠቅማል፤ እንዲህ ያለው ሰው ባዮሱ (የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ከታደሰ በአብዛኛው በ12400ው ማዘርቦርድ ላይ ባለ 14 ኮሩን አይ5-13500 መትከል ይችላል፤ ከእነዚህም ስድስቱ ትልልቅ፣ ስምንቱ ትንንሽ ኮሮች ናቸው። ከመክፈልዎ በፊት ከቁጥሩ ኋላ «ኤፍ» የሚል ፊደል አለመኖሩን ይመልከቱ፤ 12400ኤፍ ያመሰገንኩት ግራፊክስ የለውም።