ቲማቲም በሙቀት፦ ዘር መቀየር ወይስ ጥላ መሥራት?

ቡና ጥላ እንደሚወድ ጅማ ውስጥ ልጅ አዋቂው ያውቃል። ቲማቲም ግን ፀሐይ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ደግሞ ይጎዳል። ቀኑ ከ32፣ ሌሊቱ ከ21 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ የአበባ ብናኙ ይዳከማል። አበባው ይረግፋል፣ ፍሬ የለም።

እዚህ ላይ ሙቀት የሚችል ዝርያ ይበልጣል። ጥላ የሚያበርደው ቀኑን ነው፤ ሌሊቱም በሚሞቅበት በጊቤ ሸለቆ ብቻውን አይበቃም። ዝርያው ግን ሙቀቱን ችሎ ፍሬ ይቋጥራል። ብዙ ጊዜ ፍሬው አነስ ይላል፣ ይሁን።

ጥራት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ቲማቲምን የሚያቀላው ላይኮፒን ከ30 ዲግሪ በላይ መመረቱ ይቀንሳል። ብርቱካንማው ቀለም ካሮቲን ግን ይቀጥላል። ፍሬው ብርቱካንማ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ገበያ ላይ “አልበሰለም” ተብሎ ዋጋው ሲወርድ ያሳዝነኛል። ፀሐይ በቀጥታ የመታው ፍሬ ደግሞ ከአየሩ ይበልጥ ይሞቃል። ስስ ጥላ ይህን ያቃልላል፣ ቆዳውንም ከቃጠሎ ያድናል። ጥላው ከወፈረ ግን የፍሬው ስኳር ይቀንሳል፤ በጅማ እርጥበት ላይ የቅጠል በሽታም ይጨምራል።

ጅማ ከተማ ዙሪያ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል እኔ ስስ ጥላን እመርጣለሁ፤ ለበጋ ብቻ፣ ክረምት ሲገባ የሚነሣ። ወደ ጊቤ የወረደ ገበሬ ግን መጀመሪያ ዘሩን ይቀይር።