የልጄን ራስ ምታት ከመኪናው ሥር ያገኘው መካኒክ

ቀበና እና አካባቢው መኪና የምታሠሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም፤ አድራሻውን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን ሳላውቅ ሰባት ወር ሙሉ ተንገላትቻለሁ። ሌላ እናት እንድትንገላታ አልፈልግም።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዳገት እምቢ አለች። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ስወጣ ነዳጅ ብረግጥም ታቃስታለች እንጂ አትሄድም። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ «ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ ተዘግቷል፣ መውጣት አለበት» አሉኝ። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ፣ የማርሚታ ማጣሪያ ነው፣ ፈረንጆች ለአገራቸው ሕግ ሲሉ የሚገጥሙት ነው፣ የእኛ ነዳጅም አይስማማውም፣ ከወጣ በኋላ መኪናሽ ትበራለች፣ ነዳጅም ትቆጥቢያለሽ ተባልኩ። በማያውቁት ነገር መከራከር ይከብዳል፤ እሺ አልኩ። ቆርጠው አወጡትና በቦታው ባዶ ቧንቧ በየዱበት። የወጣውን ዕቃ ስጠይቃቸው «ቆሻሻ ነው፣ ምን ያደርግልሻል?» ብለው ሳቁብኝ። ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ እጅግ ውድ ማዕድናት እንዳሉበት፣ በየአገሩ ሌቦች ሌሊት ከቆመ መኪና ሥር በመጋዝ ቆርጠው የሚወስዱትም ለዚሁ እንደሆነ ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለእኔ ሌሊት የመጣ ሌባ አላስፈለገም። የማስወጫውን ዋጋ ከፍዬ ሄድኩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያው ሳምንት እውነትም መኪናዋ የቀለላት መሰለኝ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ቀጥሎ ሽታው፤ ቤት ስገባ ነጠላዬ ሳይቀር ጭስ ጭስ ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ሁለተኛው ቦታ ስወስዳት አምፖሏን ነቅለው «ይኸው ጠፋልሽ» አሉኝ፤ ለዚህም አስከፈሉኝ። ሦስተኛው ቦታ የነዳጅ ፓምፑ ነው ብለው ቀየሩት። ነዳጁ መቆጠቡ ቀርቶ ብሶበት አረፈው። ነገሬ ሁሉ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ።

ይህ ሁሉ ግን ገንዘብ ነው፣ ይረሳል። የማይረሳኝ የልጄ ነገር ነው።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ መገናኛ ላይ መንገድ ይዘጋጋል፣ እዚያ ስንደርስ «እማዬ፣ ራሴን» ትላለች። መጀመሪያ ረሃብ መስሎኝ ብስኩት መያዝ ጀመርኩ። ቀጥሎ ዓይኗ ይሆናል ተብሎ መነጽር ታዘዘላት። አንድ ዓርብ ማታ መኪናው ውስጥ አስመለሳት። ቅዳሜና እሁድ፣ መኪና በማንነሣበት ቀን፣ ደህና ሆና ስትጫወት ትውላለች፤ እኔ ግን ሁለቱን ማገናኘት አልቻልኩም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንኳ ሞተሩን ሳላጠፋ ነበር የምጠብቃት። የሌሎች ልጆች በዚያ ጭስ መካከል ያልፉ እንደነበር ሳስበው አሁን ሆዴ ይላወሳል።

አባቴ ቢኖር ይህ ሁሉ አይደርስብኝም ነበር። ሰማያዊ ቮልስ ነበረው፤ እሁድ እሁድ ከሥሯ ተኝቶ ሲሠራ መፍቻ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። በእሱ ቮልስ ላይ ይህ ዕቃ ጭራሽ አልነበረም። ጋራዥ ሲሄድም አብሬው እሄድ ነበር፤ ማንም ደፍሮ አያታልለውም። እሱ ካረፈ ጀምሮ ብቻዬን ነው የምሄደው። ብቻዋን የመጣች ሴት በየጋራዡ ምን እንደሚገጥማት የምታውቁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ።

ወደዚህ ሰው የመሩኝ ዕድሜያቸውን በታክሲ ሥራ ያሳለፉ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ናቸው። በራችን ላይ ሳልፍ ድምፁን ሰምተው «ልጄ፣ የዚች መኪና አንጀቷ ተወስዷል» አሉኝና ቦታውን ነገሩኝ።

ጋራዡ ትንሽ ናት፤ ሦስት መኪና ከገባባት ሞላች። ሰውየው ወደ ስልሳ የሚጠጉ ጎልማሳ ናቸው፤ «አንተ በይኝ» ብሎ ስለቆረጠ እንደ ወንድም አንተ እለዋለሁ። ያን ቀን ትምህርት ስላልነበረ ልጄ አብራኝ ነበረች። ችግሬን ስዘረዝር ዝም ብሎ ሰማኝና፣ ስለ መኪናው ሳይጠይቅ «ልጅቷ ለምን ገርጥታለች?» አለኝ። ራሷን እንደሚያማት ነገርኩት። «የት ነው የምትቀመጠው?» አለ። ከኋላ አልኩት። ከዚያ በኋላ ፊቱ ተለወጠ።

መኪናዋን ወደ ሜዳው አወጣት። ሞተሩን አስነሥቶ ልጄን ራቅ አድርጎ አቆማትና፣ የጭስ መውጫውን በእርጥብ ጨርቅ ለአፍታ ደፈነው። «ነይ እናቴ፣ ጥሩ ጆሮ ያለሽ አንቺ ነሽ። የት ነው የሚናገረው?» አላት። ልጄ ጎንበስ ብላ በመኪናዋ ጎን ጎን ሄደች፣ ቆመች፣ ተመለሰች፣ ከዚያም በኋለኛው በር ትክክል ጣቷን ቀሰረች። «እዚህ ጋ! እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጫል!» አለች። ሞተሩን አጥፍቶ ከሥር ገባ። ባዶው ቧንቧ የተበየደበት ቦታ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አለች። ከዚያ ምንጣፉን ገለጠልኝ። ከወለሉ ላይ የጎማ መድፈኛ ጠፍቷል፤ በቀዳዳው አጮልቄ መሬቱን አየሁ። በልጄ እግር ሥር ማለት ነው።

ከሦስት ጋራዥ አንድም ሰው ይህን አላየም። አንድም ሰው ምንጣፍ አልገለጠም።

እዚያው መሬት ላይ እንደቆምኩ እንባዬ መጣ። አላባበለኝም፤ ሻይ አስመጣልኝና ለሁለት የተሰነጠቀ አሮጌ ኮንቨርተር ከመደርደሪያ አውርዶ አሳየኝ። ውስጡ የማር እንጀራ ነው የሚመስለው፤ ወደ ፀሐይ ስትይዙት በሺህ ቀዳዳ ብርሃን ያልፋል። እነዚያ ውድ ማዕድናት የተቀቡት በዚያ ላይ ነው። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በዚህ ውስጥ ሲያልፍ ግን አብዛኛው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ያልተቃጠለውም ነዳጅ እዚያ ይቃጠላል። ኮንቨርተሩ ሲወጣ ሁሉም እንዳለ መንገድ ላይ ይፈሳል፣ ቀዳዳ ካገኘ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ቢኖርም እንኳ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አታስነሺ ብሎ አስጠንቅቆኛል። ጭሱን ስለሚለኩት ሴንሰሮች የነገረኝ ዝርዝር ብዙ ነበር፣ ሁሉም አልገባኝም፤ ነዳጅ የጨመረብኝ ግን በብየዳው ቀዳዳ አየር እየገባ ሴንሰሩን ስለሚያሳስተው ነው አለኝ።

የእኛ ነዳጅ አይስማማውም የተባልኩትንም ጠየቅኩት። ያ የቀድሞ ወሬ ነው፣ ይህን ዕቃ የሚገድለው እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ቤንዚን ነበር፣ እሱም ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ቀርቷል አለኝ። የእኔ የተዘጋው ለሞተሩ ሻማዎች እሳት ከሚሰጡት አራት ኮይሎች አንዱ ደክሞ፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ኮንቨርተሩ እየሄደ ከመጠን በላይ ስላጋለውና ውስጡን ስላቀለጠው ነው። ደካማው ኮይል ያን ሁሉ ወር እዚያው ነበር። በሽታው ሳይነካ የታመመውን ቆርጠው ሸጡት።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ኮይሉን ቀየረ፣ ከዚያ ከተመሳሳይ መኪና የወጣ ደህና ኮንቨርተር ፈልጎ ገጠመ፣ ወለሉን ደፈነ። የተነቀለችውን አምፖልም መልሶ ተከላት፤ ብልጭ ድርግም ካለች ሳትውይ ሳታድሪ ነይ ብሎኛል። ዋጋውን ሳይጀምር ነገረኝ፣ ሲጨርስም ያችኑ ተቀበለ። ስወጣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። አሮጌው ኮይል፣ የተበሳው ቧንቧ፣ የወጡት ብሎኖች ሁሉ አሉበት። «ዕቃሽ ነው፣ ቁጠሪና ተረከቢ» አለኝ። የዛገ ብረት ታቅፌ ስወጣ የተሰማኝን ክብር ልገልጽላችሁ አልችልም።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እሱ ነው። «ልጅቷ እንዴት ናት? ራሷን ይዟት ያውቃል?» አለኝ። አልያዛትም አልኩት። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ዘጋው። ስለ መኪናው አንድም ቃል አልጠየቀም።

ዛሬ ሁለት ወር ሆነን። መገናኛ ላይ ቆመን ልጄ ትዘፍናለች። መነጽሩንም ሐኪም ዳግም አይቶ አያስፈልጋትም ብሏል።

እባካችሁ ይህን ዕቃ አውጡት ሲሏችሁ እሺ አትበሉ፤ ለምን ተዘጋ ብላችሁ ጠይቁ። ወጥቶባችሁም ከሆነ፣ ልጅ ከኋላ የምታስቀምጡ ከሆነ ደግሞ ይልቁንም፣ ወደዚህ ሰው ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። እሑድ ዝግ ነው። ሞተሩን ሳይሞቅ መስማት ስለሚፈልግ ማታ አድርሳችሁ ብታሳድሩለት ይመርጣል። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ብትሄዱ ደስ ይለዋል፤ የእኔዋን «ረዳቴ» እያለ ነው የሚጠራት።